አሮጌውን ባለ ሳጥን ቴሌቪዥን ከመሰካታችሁ በፊት

በደሴ ነባር ሰፈሮች በአንዳንድ ሳሎን ውስጥ እስከ ዛሬ ቦታውን ያልለቀቀ ዕቃ አለ፤ አራት እግር ያለው ረዥም የእንጨት ሳጥን። ዳንቴል ተነጥፎበት፣ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባና የሠርግ ፎቶግራፍ ተደርድሮበት ለእንግዳ ዓይን ቡፌ ይመስላል። ክዳኑ ሲነሣ ግን ራዲዮና የሸክላ ማጫወቻ ይወጣል፤ የፊቱ በር ሲከፈት ደግሞ ጎበጥ ያለ የቴሌቪዥን መስታወት። አብዛኛው ከ30 እና ከ40 ዓመት ወዲህ ድምፅ አሰምቶ አያውቅም።

ይህን ሳጥን የሚፈልጉት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንዱ የአያቱን ዕቃ እንደገና ማሠራት የሚሻ የልጅ ልጅ ነው። ሌላው «ውስጡ ውድ ነገር አለ» የሚል ወሬ የሰማ ደላላ ነው። ሁለቱም ከተሳሳተ ግምት ይነሣሉ። የልጅ ልጁ «ሲሠራ ነው የተቀመጠው፤ ቢሰካ ይነሣል» ይላል። ደላላው የሌለ ሀብት ይፈልጋል። ሳጥኑ የሚጠፋው በሁለቱም እጅ ነው፤ በመጀመሪያው ሳይታወቅ፣ በሁለተኛው ሆን ተብሎ።

ለመሆኑ ምን ዓይነት ዕቃ ነው?

ራዲዮ፣ የሸክላ ማጫወቻና ድምፅ ማጉያዎችን በአንድ ሳጥን ያጣመረው ዕቃ ራዲዮግራም ይባላል። ቴሌቪዥን ሲታከልበት የሳሎኑ ትልቁ ዕቃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እንደ ግሩንዲግ፣ ቴሌፉንከንና ኖርድሜንዴ ያሉት የጀርመን ፋብሪካዎች፣ ከአሜሪካ ደግሞ ማግናቮክስና ዜኒት ይህን ዓይነት ዕቃ ይሠሩ ነበር። ስቴሪዮ ሸክላ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1958 ገደማ ስለሆነ፣ ፊቱ ላይ «ስቴሪዮ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሳጥን በዚያው ዘመን ወይም ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ወደ ቀለም የተሸጋገረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በመካከሉ ያሉት 20 ያህል ዓመታት የጥቁርና ነጭ ዘመን ነበሩ፤ ሳጥኖቹም የዚያ ዘመን ዕቃዎች ናቸው።

የውስጡ ሥራ በአብዛኛው የሚካሄደው በቫልቭ ነው። ቫልቭ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የመስታወት ብልቃጥ ሲሆን፣ ትራንዚስተር ከመስፋፋቱ በፊት ደካማውን የኤሌክትሪክ ምልክት የማጉላት ሥራ የእሱ ነበር። ሲሠራ ውስጡ ያለው ክር ይግላል፤ በጀርባው ቀዳዳዎች በኩል የሚታየው ብርቱካንማ ብርሃን የዚያ ክር ነው።

ቀይ ሜርኩሪ አለበት የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። በአሮጌ ራዲዮም ሆነ በአሮጌ ቴሌቪዥን ውስጥ ቀይ ሜርኩሪ የሚባል ውድ ነገር የለም። ወሬው ከአገር አገር ሲዞር የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በሳዑዲ አረቢያ ይኸው ነገር በሲንገር የልብስ ስፌት መኪና ውስጥ አለ ተብሎ፣ ሰዎች አሮጌ መኪና በማይታመን ዋጋ ሲገዙ ዓለም ጉድ ብሎ ነበር። ከወሎ ወደዚያ አገር ለሥራ የሚመላለሰው ሰው ብዙ ነውና፣ ወሬው እዚህም ጆሮ ቢያገኝ አይገርምም።

ወሬውን እውነት የሚያስመስለው ግን በዓይን የሚታይ ነገር ነው። አንድ ቫልቭ ከሶኬቱ ተነቅሎ በብርሃን ፊት ቢታይ፣ ከአናቱ ላይ ወይም ከጎኑ መስታወት የሚመስል የሚያብረቀርቅ የብር ቀለም አለው። ላላወቀ ሰው ሜርኩሪ ነው። ነገሩ ግን ፋብሪካው ውስጥ ሆን ተብሎ የተተነነ ስስ የባሪየም ሽፋን ነው፤ ሥራው በብልቃጡ ውስጥ የቀረችውን ጥቂት አየር መምጠጥ ነው። ብልቃጡ ተሰንጥቆ አየር ሲገባ ይህ የብር ቀለም ወደ ነጭ ይለወጣል። ስለዚህ የአንድን ቫልቭ ሞት ያለ ምንም መሣሪያ ማወቅ ይቻላል፤ አናቱ ነጭ ከሆነ አልቆለታል። ለደላላው ሀብት የመሰለው ነገር ለጠጋኙ የጤና ምልክት ነው። ሜርኩሪ ፍለጋ ቫልቭ የሰበረ ሰው በእጁ የሚቀርለት ስብርባሪ ብቻ ነው።

ማንም ሳይነካው የኖረ ዕቃ ለምን ይበላሻል?

ይህን ለመረዳት ካፓሲተርን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ነባር ጠጋኞች ኮንደንሰር ይሉታል። ሥራው ኤሌክትሪክን አጠራቅሞ አለስልሶ መልቀቅ ነው። በየግቢው ከማማ ላይ የተቀመጠውን የውሃ ሮቶ አስቡ። የቧንቧው ውሃ ሲመጣና ሲሄድ ይውላል፤ ሮቶው ግን የመጣውን ይዞ ወደ ቤት ሳያቋርጥ ያወርዳል። ከሶኬት የሚመጣው ኤሌክትሪክም አንድ አቅጣጫ እንዲይዝ ከተደረገ በኋላ በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚደርሰው፤ ካፓሲተሩ ይህን አስተካክሎ ለቫልቮቹ ያቀርባል። ሮቶው ሲሰነጠቅ፣ ማለትም ካፓሲተሩ ሲደክም፣ ከድምፅ ማጉያው ማባሪያ የሌለው ጉምጉምታ ይወጣል። ሌላም ነገር አለ። ቧንቧው ከተዘጋ በኋላ ሮቶው ሙሉ ሆኖ ሊቆይ እንደሚችለው ሁሉ፣ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ከ200 ቮልት በላይ ይዞ ሊጠብቅ ይችላል። «ነቅዬዋለሁ» ብሎ እጅ መስደድ ሰውን ለጉዳት የዳረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ትልልቆቹ ካፓሲተሮች በአሉሚኒየም ቆርቆሮ የታሸጉ ናቸው። ውስጣቸው የተጠቀለለ የአሉሚኒየም ቅጠልና በኬሚካል ፈሳሽ የራሰ ወረቀት አለ። ኤሌክትሪኩ እንዳያልፍ የሚያግደው በቅጠሉ ገጽ ላይ ያለ እጅግ ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ጤነኛ ሆኖ የሚቆየው ዕቃው በሥራ ላይ ሲውል ነው። ለዓመታት ሲቀመጥ ይሳሳል፣ ፈሳሹም ይደርቃል። በዚህ ላይ ሙሉው 220 ቮልት በድንገት ሲለቀቅበት ኤሌክትሪኩ በሳሳው በኩል ያልፋል፤ ካፓሲተሩ ይግላል፣ ያብጣል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል።

ትንንሾቹ በሰም የተነከሩ የወረቀት ካፓሲተሮች ደግሞ ጠላታቸው እርጥበት ነው። ጦሳ ተራራ ሥር ያለችው ደሴ ክረምቱን በጉም ተሸፍና የምትከርም ከተማ ናት፤ ከመስኮት ሥር የተቀመጠ ሳጥን ያንን እርጥበት ለዓመታት ሲጠጣ ኖሯል። ከእነዚህ ትንንሾች አንዱ በተለይ ክፉ ነው። ከድምፅ ማውጫው ቫልቭ በፊት ይቀመጣል፤ ሥራው ሙዚቃውን አሳልፎ ከፍተኛውን ቮልት ማገድ ነው። ማፍሰስ ሲጀምር የታገደው ቮልት ወደ ቫልቩ ይሾልካል፤ ቫልቩ ከሚገባው በላይ ይሠራል፣ ውስጡ ያለው የብረት ሳህን ይቀላል፣ ቀጥሎ ከድምፅ ማጉያው ጋር የሚያገናኘው ትራንስፎርመር ይቃጠላል። ካፓሲተሩ ጥቂት ብር የሚያወጣ ተራ ዕቃ ነው። ትራንስፎርመሩን ግን ወይ ቀጭን ሽቦ መጠምጠም የሚችል ባለሙያ እንደገና ሊጠመጥመው ይገባል፣ ወይም ከሌላ ሳጥን መነቀል አለበት። ስለዚህ ዕቃው የሚሞተው ዝም ባለባቸው ዓመታት ሳይሆን «እስቲ ሰክተኸው እንየው» በተባለባት ደቂቃ ነው።

ታዲያ እንዴት ይሞከራል?

በዓይንና በአፍንጫ ይጀመራል። የጀርባው ካርቶን በጥቂት ብሎኖች የተያዘ ስለሆነ በካቻቪቴ ይከፈታል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ወፍራም አቧራ፣ የአይጥ ጎጆና የተቀረጠፈ ገመድ ነው። የአይጥ ሽንት የውስጡን ሻንሲ፣ ማለትም ዕቃዎቹ የተተከሉበትን የብረት መቀመጫ፣ ያዝገዋል፤ ሽታው ራሱ ይነግራል። ከትራንስፎርመር ሥር ፈስሶ የረጋ ሰም ካለ ዕቃው ቀድሞ ከመጠን በላይ ግሎ ያውቃል ማለት ነው። ፊውዙንም መመልከት ነው። በየቤቱ የሚያጋጥመው ነገር ይታወቃል፤ እውነተኛው ፊውዝ ከተቃጠለ በኋላ አንድ ሰው ቀጭን ሽቦ ጠምጥሞበት ሄዷል። ያ ሽቦ ከዋናው መጠበቂያ ጋር አንድ አይደለም፤ በልኩ ፊውዝ መተካት አለበት። ብዙዎቹ ሳጥኖች ከጀርባቸው የቮልት መምረጫም አላቸው፤ 110 ላይ የቀረ መምረጫ በ220 ቮልት አገር ምን እንደሚያስከትል መናገር አያሻም።

ምንም ነገር ከመነካቱ በፊት በስልክ ብዙ ፎቶግራፍ ማንሣት ጠቃሚ ነው። ከዚያ ጠጋኙ የወረቀት ካፓሲተሮቹን በሙሉ በአዲስ ይተካል፤ ትልልቆቹን ለክቶ የደከሙትን ይቀይራል። አዲሱ በቮልት አቅሙ ከአሮጌው ማነስ የለበትም።

ከዚህ በኋላ አምፖሉ ይመጣል። ጠጋኞች ክሩ የሚታይ የድሮ ዓይነት የ60 ወይም የ100 ዋት አምፖል በኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ ያስገባሉ፤ ወደ ሳጥኑ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ሁሉ በአምፖሉ በኩል እንዲያልፍ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የተገናኘ ሽቦ ወይም የተበላሸ ካፓሲተር ካለ አምፖሉ በሙሉ ኃይሉ ይበራል፤ ኃይሉን እሱ ስለሚወስደው ሳጥኑ ይተርፋል። ደህና ከሆነ ግን አምፖሉ ለቅጽበት ቦግ ብሎ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ ቫልቮቹ እየሞቁ ሲመጡ እንደገና ትንሽ ይደምቃል። ይህን ቦግታና ድብዝዘት የለመደ ጠጋኝ ገና ቴስተሩን ሳያነሣ ግማሹን ታሪክ አንብቦ ይጨርሳል። ቆጣቢ ወይም ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አያገለግልም። ደግሞም አምፖሉ የሚጠብቀው ዕቃውን እንጂ ሰውን አይደለም፤ ሲበራም ሲደበዝዝም ውስጡ የሚገድል ቮልት አለ።

ቫልቮቹ ከየት ይገኛሉ?

ሰው አስቀድሞ የሚጨነቀው በዚህ ነው፤ ጭንቀቱ ግን ከሚገባው በላይ ነው። ቫልቭ ካልተሰበረና አየር ካላስገባ በስተቀር ሳይሠራ በመቀመጡ ብቻ አይበላሽም፤ ብዙዎቹ ዛሬም ደህና ናቸው። ለድምፅ የሚያገለግሉት እንደ ኢኤል 84 እና ኢሲሲ 83 ያሉት የጊታር ማጉያ ሠሪዎችም ስለሚፈልጓቸው በስሎቫኪያ፣ በሩሲያና በቻይና እስካሁን ይመረታሉ። የቴሌቪዥን ክፍሉ ቫልቮች ግን አይመረቱም፤ ከድሮ ክምችት ወይም ከሌላ አሮጌ ዕቃ ነው የሚገኙት። ስለዚህ ቆራሌው የሚወስደው አሮጌ ቴሌቪዥን ለአንድ ጠጋኝ የመለዋወጫ መጋዘን ሊሆን ይችላል።

በአውሮፓ ቴሌቪዥኖች ዘንድ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። የቫልቮቹ ክሮች በአንድ መስመር ተያይዘው ስለሚሠሩ አንዱ ክር ሲበጠስ ሁሉም ይጠፋሉ። ባለቤቱ «ቫልቮቹ በሙሉ ተቃጥለዋል» ይባላል፤ የተቃጠለው አንድ ነው።

ቴሌቪዥኑስ እንደገና ያሳያል?

እዚህ ላይ ጥንቃቄው ይለያል። የዚያ ዘመን ብዙ የአውሮፓ ቴሌቪዥኖች የብረት ሻንሲያቸው ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ከአንዱ ገመድ ጋር በቀጥታ የተገናኘ ነው። ባለ ሁለት እግሩ መሰኪያ ተገልብጦ ሲሰካ ሻንሲው በሙሉ 220 ቮልት ይይዛል። ጀርባው ተከፍቶ የሚሠራ ሰው ዕቃውን ከግድግዳው ኤሌክትሪክ የሚነጥል መለያ ትራንስፎርመር ከሌለው መንካት የለበትም።

የምስሉ ቱቦ ራሱም ሁለት አደጋ ይዟል። የጥቁርና ነጩ ቱቦ የሚሠራው ከ10 ሺህ እስከ 18 ሺህ ቮልት በሚደርስ ኃይል ነው፤ ያንንም ከጠፋ በኋላ ይዞ ይቆያል። በተጨማሪ ውስጡ ባዶ ስለሆነ የውጭው አየር ከየአቅጣጫው ይጫነዋል። በደሴ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ የሳሳ ቢሆንም፣ በአንድ 59 ሴንቲ ሜትር መስታወት ፊት ላይ ብቻ የሚያርፈው ግፊት ከአንድ ቶን ይበልጣል። በቀጭን አንገቱ ይዞ ማንሣት ወይም በመዶሻ መንካት ወደ ውስጥ እንዲደረመስና ስብርባሪው እንዲፈናጠር ያደርገዋል። ይህ ክፍል ሥራውን ለሚያውቅ ሰው የሚተው ነው፤ በዚህ ላይ ድፍረት አያስመሰግንም።

ቱቦው ደህና ከሆነ ጥገናው ብዙ ጊዜ ይሳካል። የመጀመሪያው የሕይወት ምልክት ምስል አይደለም፤ ቀጭን ፉጨት ነው። ቴሌቪዥኑ በሰከንድ 15,625 መስመሮችን ሲስል የሚያሰማው ድምፅ ሲሆን፣ ልጆች «ይጮኻል» ሲሉ አያት ምንም አይሰሙም። ዕድሜ መጀመሪያ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነውና ሁለቱም ልክ ናቸው። በመስታወቱ መሐል አንድ አግድም ብሩህ መስመር ብቻ ከታየ ምስሉን ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘረጋው ክፍል አልሠራም ማለት ነው፤ መስመሩ መስታወቱን ሳያቃጥለው ቶሎ ማጥፋት ይገባል። ቱቦው ራሱ ከደከመ ግን አዲስ የሚያመርት የለም። በዚህ ጊዜ ቴሌቪዥኑን ለዓይን ትቶ ራዲዮውንና ሸክላውን ማሠራት የሚያሳፍር ውሳኔ አይደለም።

ምን ይታይበታል? ዛሬ በየቤቱ ያለው የዲሽ ሪሲቨር ምስሉን በዘመናዊ ገመድ ይሰጣል፤ አሮጌው ቴሌቪዥን የሚያውቀው ግን የአንቴና መግቢያ ብቻ ነው። በመካከላቸው ምስሉን ወደ አንቴና ሞገድ የሚለውጥ ሞዱሌተር የሚባል ትንሽ ዕቃ ያስፈልጋል። ሲገዛ ቪኤችኤፍ በሚባለው ዝቅተኛው የቴሌቪዥን ሞገድ የሚሠራ መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ ብዙ ሞዱሌተሮች የሚያወጡት ዩኤችኤፍ በሚባለው ከፍተኛው ሞገድ ሲሆን፣ ከእነዚህ ቴሌቪዥኖች ቀደም ያሉት አይቀበሉትም። ራዲዮውም የራሱ ገደብ አለው፤ በአንዳንድ የጀርመን ራዲዮዎች የኤፍ ኤም ሰሌዳው 100 ላይ ያበቃል፣ ከዚያ በላይ ያሉትን ጣቢያዎች አይዝም።

ከአሜሪካ የመጣ ከሆነስ?

ቮልቱ 120 ስለሆነ ቀናሽ ትራንስፎርመር እንደሚያስፈልግ ብዙ ሰው ያውቃል። የማይታወቀው ትራንስፎርመሩ ድግግሞሹን እንደማይለውጥ ነው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ዙር ይመላለሳል፤ የእኛ 50። የሸክላ ማጫወቻው ሞተር ፍጥነቱን የሚያገኘው ከዚህ ምልልስ ስለሆነ፣ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ መዞር ያለበት ሸክላ 28 ጊዜ እንኳ አይሞላም። ዘፈኑ ይጎተታል፣ ድምፁም ይወርዳል። አምባሰልን በዚህ ማጫወቻ የሰማ ወሎዬ ዘፋኟ ታማለች ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መፍትሔው የሞተሩን ዘንግ ጫፍ በ50 ዙር በሚስማማ ወፍራም ጫፍ መለወጥ ነው፤ ጥሩ የብረት ቀራጭ ይሠራዋል። ቴሌቪዥኑ ግን የተሠራው ለ525 መስመር ሥርዓት ነው፤ እኛ የተጠቀምነው ባለ 625 መስመሩን ስለሆነ ያለ ለዋጭ መሣሪያ እዚህ አይረባም።

ሸክላ ማጫወቻው ለምን አልዞር ይላል?

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የግሪስ ነው። ከ50 ዓመት በኋላ ይደድርና ሞተሩን ይይዘዋል፤ ተፈትቶ በአልኮል ታጥቦ በአዲስ ቅባት ይተካል። ሳህኑን የሚያዞረው ትንሽ የጎማ መዘውርም ደድሮ ይንሸራተታል፣ ዘፈኑም ይዋዥቃል። ሳህኑ በደንብ እየዞረ ድምፁ ቀጭንና ሩቅ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ከመርፌው ቤት ነው። ብዙዎቹ ውስጣቸው ያለው ሮሼል ጨው ከሚባል ነገር የተሠራ ክሪስታል ነው፤ እርጥበትና ሙቀት ያበላሹታል፣ አይጠገንም፣ ይለወጣል።

መርፌው ብዙ ጊዜ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ በደቂቃ 78 ጊዜ ለሚዞረው ለድሮው ባለ 78 ሸክላ፣ ሌላው ለባለ 45 እና ለባለ 33። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው አምሃ ሪከርድስ ካሳተማቸው ሸክላዎች አብዛኞቹ ባለ 45 ናቸው። በ78ቱ ፊት የተጫወተ ባለ 45 ይፋቃል፤ ባረጀ መርፌ የተጫወተም እንዲሁ። ብርቅ ሸክላ ያለው ሰው ማጫወቻውን በማይሳሳለት ሸክላ ይሞክር።

እንጨቱ መቼ ይሠራል?

በመጨረሻ። ሰው ግን በእሱ ይጀምራል፤ ለውጡ ቶሎ ስለሚታይ ይመስለኛል። የሚያብረቀርቀው የውጭ እንጨት ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ልባስ ነው። በማሽን የብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ልባሱ አልቆ ከሥሩ ያለው ተራ እንጨት ብቅ ይላል፤ ከዚያ የሚመልሰው የለም። ጥቂት ሳሙና ባለው ውሃ ተነክሮ በደንብ የተጨመቀ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከዚያ ስስ ቫርኒሽ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የተላቀቀው ልባስ በአናጢ ኮላ ተጣብቆ ተጭኖበት ያድራል።

የቦታ ለውጥም ልብ ይባል። ከደሴ ኮምቦልቻ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ግን 600 ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። በደሴ ብርድ የኖረ ሳጥን ኮምቦልቻ ወርዶ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ሲቀመጥ እንጨቱ ይኮማተራል፣ ልባሱም ይሰነጠቃል። ጥላ ያለበት ግድግዳ ይመረጥለት፤ ከኋላው አየር የሚያልፍበት አንድ ጋት ክፍተትም ይተውለት፣ ቫልቮቹ ብዙ ሙቀት ያወጣሉና።

ውስጡን አውጥቶ ብሉቱዝ ማስገባትስ?

ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሙዚቃም ይጫወታል። እድሳት ግን አይደለም፤ አሮጌ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ አዲስ ዕቃ ነው። ሁለቱን የሚያስታርቅ መንገድ አለ። ብዙዎቹ ሳጥኖች ከጀርባቸው ለቴፕ የተሠራ መግቢያ አላቸው፤ የብሉቱዝ መቀበያ በዚያ በኩል ሲያያዝ ምንም ሳይቆረጥ የስልኩ ሙዚቃ በቫልቮቹ ያልፋል። ይህ የሚሠራው ሻንሲው ከግድግዳው ኤሌክትሪክ በትራንስፎርመር የተለየ ከሆነ ብቻ ነው፤ ጠጋኙ አስቀድሞ ያረጋግጥ።

ከተጠገነ በኋላ እንዴት ይያዛል?

መብራት ሲሄድ ገመዱ ይነቀል፤ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ከፍ ብሎ ሊመጣ ስለሚችል ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ። ስታቢላይዘር ቢኖር ይመረጣል። በወር አንድ ሁለት ጊዜ ለአንድ ሰዓት ያህል ይብራ፤ አዲሶቹም ካፓሲተሮች መሥራት ይወዳሉ። ጠጋኙ የቀየረውን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ከነቀኑ በጀርባው ካርቶን ውስጠኛ ፊት ላይ ይለጥፍ፤ ከ10 ዓመት በኋላ የሚከፍተው ሌላ ጠጋኝ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ነው። የተነቀሉትን አሮጌ ዕቃዎችም በፌስታል አድርጎ ለባለቤቱ ያስረክብ።